ለጌዴኦ ጥያቄ ማን ይከፍላል?
የድህረ ምረቃ ምርምር ገንዘብ ታሪክ ከይርጋጨፌ ሲታይ

በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ የተሰበሰበው የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ኮሚቴ የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በዓለም ቅርስነት መዘገበ። የዲላ፣ የወናጎ፣ የይርጋጨፌና የቡሌ ገበሬ ቡናውን ከእንሰት ጋር አሰባጥሮ፣ ሁለቱንም በዋንዛና በብርብራ ጥላ ሥር አድርጎ ለዘመናት ያቆየው የእርሻ ሥርዓት የዓለም ሀብት ተባለ። ዜናው ደስ አሰኘ። ብዙም ያልተወራው ግን ዓለም ይህን ሥርዓት በምን በኩል አወቀው የሚለው ነው።

ከምዝገባው 21 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ2002፣ ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ታደሰ ኪጴ ካንሼ በኔዘርላንድስ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቀረቡ። የጽሑፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነት?» የሚል ሲሆን ጥናቱ በጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ላይ ያተኮረ ነው። በርዕሱ መጨረሻ ላይ ያለው የጥያቄ ምልክት ዋና ነገር ነው። በካሬ ኪሎ ሜትር ከ500 ሰው በላይ በሚኖርበት ተዳፋት መሬት ላይ አፈሩ ሳይታጠብ፣ ደኑ ሳይመነጠር እንዴት ይኖራል? ይህን ጥያቄ በሥርዓት ለመመለስ ዓመታት ይፈጃል፤ ዓመታቱ ደግሞ ደመወዝ፣ መጓጓዣ፣ ቤተ መጻሕፍትና አማካሪ ይፈልጋሉ።

ከዚያም ቀደም ብሎ የጌዴኦ ታሪክ በመጽሐፍ ደረጃ የተጻፈው በአሜሪካዊ እጅ ነበር። ቻርልስ ማክሌላን ጌዴኦ ከ1895 እስከ 1935 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ መንግሥት ውስጥ ስላለፈበት ለውጥ የዶክትሬት ጽሑፉን ለሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ጻፈ። መጽሐፉም እ.ኤ.አ. በ1988 እዚያው ታተመ። ዛሬ የጌዴኦ ልጅ ስለ ቅድመ አያቶቹ ገባርነት፣ ስለ ቡና ግብርና ስለ ነፍጥ ማጣቀስ ሲፈልግ የሚከፍተው በሚሺጋን የታተመውን መጽሐፍ ነው።

ሁለቱም ሥራዎች ትልቅ ውለታ ናቸው፤ ማንም ሊያንኳስሳቸው አይገባም። ነገር ግን ስለ ጌዴኦ የተጻፈው እውቀት በሚሺጋንና በዋገኒንገን በኩል ዞሮ የመጣው በአጋጣሚ አይደለም። የድህረ ምረቃ ተማሪን ማን ያስተምራል፣ ማንስ ይከፍልለታል የሚለው ጥያቄ በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። ታሪኩ የሚያሳየውም አንድ ነገር ነው፤ ገንዘቡ ከመጣበት አቅጣጫ ጥያቄውም ይመጣል።

*ከቤተ መንግሥት የሚሰጥ ዕድል*

በመጀመሪያ የትምህርት ዕድል የንጉሥ ስጦታ ነበር። በምኒልክ ዘመን ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ሩሲያ ሄደው የመድፈኛ ትምህርት ተምረው መጡ። ገብረሕይወት ባይከዳኝ ጀርመንኛ ተምረው ስለ መንግሥትና ስለ ሕዝብ አስተዳደር የጻፉት መጽሐፍ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. ታተመ። በራስ ተፈሪ ዘመን ደግሞ ወጣቶች ወደ ፈረንሳይ፣ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ግብፅና ወደ አሜሪካ ተላኩ፤ መላኩ በያን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ያጠኑት በዚያ ዘመን ነው። መመዘኛው ውድድር ሳይሆን መታወቅ ነበር። ቤተ መንግሥት ያወቀው ይሄዳል፣ ያላወቀው ይቀራል። ከደራሳ አውራጃ፣ ጌዴኦ ያኔ እንደዚያ ይጠራ ነበር፣ ቤተ መንግሥት የሚያውቀው የገባር ልጅ ማን ሊሆን ይችል ነበር?

የጣሊያን ወረራ ያንን ትንሽ ትውልድ አጨደው። በየካቲት 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተወረወረ በኋላ በተደረገው ጭፍጨፋ የተማሩት ወጣቶች እየተለዩ ተገደሉ። ከነፃነት በኋላ መንግሥት እንደገና ከዜሮ ጀመረ። ተማሪዎች በብዛት ወደ እንግሊዝ፣ አሜሪካና ካናዳ ተላኩ። ሲሄዱ ንጉሠ ነገሥቱ ፊት ቀርበው ይሰናበታሉ፤ ሲመለሱ እጅ ይነሳሉ። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተከፈተ፤ በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተቋቋመ። በዓለማያ የእርሻ ኮሌጅ ደግሞ የኦክላሆማ ባለሙያዎች በአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ ያስተምሩ ነበር።

ዛሬ የሚገርመው ነገር ኢትዮጵያ በዚያ ዘመን ተቀባይ ብቻ አለመሆኗ ነው። በ1950 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ለአፍሪካ አገሮች ተማሪዎች 200 የነፃ ትምህርት ዕድል እንደሚሰጡ አስታወቁ። ከኬንያ፣ ከዑጋንዳ፣ ከታንጋኒካና ከሌሎችም የመጡት ወጣቶች አዲስ አበባ ተማሩ፤ ከአገራቸው ይዘውት የመጡት የፀረ ቅኝ አገዛዝ ሐሳብ የኢትዮጵያን ተማሪ እንዳነቃቃም የተማሪዎችን ንቅናቄ ያጠኑ ጽፈዋል። ገንዘብ የሚሰጥ አካል ምን ፍሬ እንደሚያገኝ ሁልጊዜ አስቀድሞ አያውቅም።

አንድ ነገር ግን በዚያ ሥርዓት ውስጥ አልነበረም። ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪ የሚገኘው ባሕር ተሻግሮ ነው። ስለ ራስ አገር ለመመራመር መጀመሪያ ከአገር መውጣት ግድ ነበር። እዚህ የነበረው የመጀመሪያ ዲግሪ የመመረቂያ ጽሑፍ ነው። የታሪክ ክፍሉ ተማሪዎች ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ሄደው ከሽማግሌዎች ቃል እየሰበሰቡ የጻፏቸው ወረቀቶች ዛሬም ታሪክ ጸሐፊ የሚያገላብጣቸው ናቸው። በጥቂት ገንዘብ፣ በአውቶቡስና በእግር የተሠራ ሥራ ነበር፤ ግን ጥያቄው ከአገር ውስጥ የመነጨ ነበር።

*የስዊድን ገንዘብና የአገር ውስጥ ድህረ ምረቃ*

በ1971 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ጀመረ። ጊዜው ከባድ ነበር። የቀይ ሽብር ቁስል አልደረቀም፤ ከሶማሊያ ጋር የተደረገው ጦርነት ገና ማለፉ ነበር። ወደ ምዕራብ አገር የተላከው ተማሪ አይመለስም፤ ወደ ሶቪየት ኅብረት፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመንና ወደ ኩባ የሚላከው ግን በሺዎች የሚቆጠር ነበር። እዚሁ ማስተማር ያስፈለገው አስተማሪ በማጣት ጭምር ነው። የዶክትሬት ትምህርትም እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ተከተለ።

ይህን ጅምር ከውጭ ከደገፉት ዋነኛዋ ስዊድን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው ሳሬክ የተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት፣ በኋላም እሱን የጠቀለለው ሲዳ፣ ለአሥርት ዓመታት ለኢትዮጵያ ምርምር ገንዘብ ሰጡ። የእነሱ አሠራር «ሳንድዊች» ይባላል። ተማሪው በስዊድን ዩኒቨርሲቲ ተመዝግቦ ጥቂት ወራት እዚያ ይማራል፤ የመስክ ሥራውን አገሩ ላይ ይሠራል፤ እንደገና ሄዶ ይጽፋል፤ በመጨረሻ ይመለሳል።

አሠራሩ ብልህ ነበር። ተማሪው ከሥራ ቦታው፣ ከቤተሰቡና ከጥናት መስኩ ሙሉ በሙሉ አይነቀልም፤ ስለዚህ የመመለስ ዕድሉ ይሰፋል። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በየላቦራቶሪው ያለ መሣሪያ፣ በየቤተ መጻሕፍቱ ያለ መጽሔት የዚያ ዘመን ፍሬ የሆነው ጥቂት አይደለም። ሆኖም ከእያንዳንዱ የምርምር ስምምነት ጋር የቅድሚያ ትኩረት ዝርዝር አብሮ ይመጣል፤ የጊዜ ሰሌዳና የበጀት ዓመትም ይመጣል። ተማሪው ጥያቄውን በዝርዝሩ ልክ ይሰፋዋል። ማንም አያስገድደውም። ገንዘብ የሌለው ጥያቄ ግን ሳይጠየቅ ይቀራል።

አገሪቱ በራሷ እጅ ያፈረሰችውም አለ። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 በላይ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። አብዛኞቹ የድህረ ምረቃ ተማሪ ለማማከር የበቁ ነባር ምሁራን ነበሩ። የአንድ ዶክተር ማሠልጠኛ ዓመታትና ገንዘብ ሲፈጅ በአንድ ደብዳቤ ማጣት ግን የአንድ ቀን ሥራ ነው። ስኮላርሺፕ ተማሪን ብቻ የሚመለከት አይደለም፤ ተማሪውን የሚያማክረው መምህር ከሌለ ገንዘቡ ብቻውን ምንም አያደርግም።

*የቡናው በሽታና ሁለት አገሮች*

ጉዳዩ ከዩኒቨርሲቲ ግቢ ወጥቶ ማሳ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት የቡናን ታሪክ መመልከት ይበቃል። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ አጥቁሮ የሚያረግፈው ይህ በሽታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብቃይ አካባቢዎችን አዳረሰ። የጅማ ምርምር ማዕከል ከየጫካው በሽታውን የሚቋቋሙ የቡና ዛፎችን መርጦ አባዛ። በ1974 እ.ኤ.አ. የተመረጡት፣ ቁጥራቸው በ74 የሚጀምረው፣ ዛሬም በጌዴኦ ማሳ ከነባሮቹ ኩሩሜ፣ ደጋና ወሊሾ ጋር ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ሥራው የተሳካ ነበር። ስለዚያ የመረጣ ሥራ ዶክትሬት የተጻፈው ግን እ.ኤ.አ. በ1981፣ በአንድ የኔዘርላንድስ ተመራማሪ፣ እንደገና በዋገኒንገን ነው። ኢትዮጵያ ጫካውን፣ ዛፉንና ገበሬውን ሰጠች፤ ዲግሪው ሌላ አገር ገባ።

ኮሎምቢያን ከዚህ ጋር ማስተያየት ይቻላል። የኮሎምቢያ ቡና አብቃዮች ፌዴሬሽን ከሚላከው ቡና ላይ ከሚሰበሰበው መዋጮ በ1938 እ.ኤ.አ. ሴኒካፌ የተባለ የምርምር ማዕከል አቋቋመ። ማዕከሉ የቡና ዝገት በሽታ ገና አገሩ ሳይገባ፣ ይመጣል ብሎ አስቀድሞ ዝርያ ማዳቀል ጀመረ። «ኮሎምቢያ» የተባለው ዝርያ በ1982 ለገበሬ ተሰጠ፤ ዝገቱ አገሪቱ ውስጥ የታየው በ1983 ነው። በሽታው ሲደርስ መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ልዩነቱ የኮሎምቢያ ሳይንቲስቶች ከእኛዎቹ ስለተሻሉ አይደለም። እዚያ ገና ያልደረሰ አደጋን ለማጥናት የሚከፍል፣ ለማንም ለጋሽ ማመልከቻ የማያቀርብ የራስ ገንዘብ ነበር። ለጋሽ ድርጅት ለደረሰ ችግር ይከፍላል፤ ገና ላልደረሰ የሚከፍለው ባለቤቱ ነው።

*ዲላ*

በዲላ ከተማ ከፍተኛ ትምህርት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1996 የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ሲከፈት ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. ኮሌጁ ከአዋሳ የእርሻ ኮሌጅና ከወንዶ ገነት የደን ኮሌጅ ጋር ተጣምሮ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ አካል ሆነ። በ2006 ራሱን ችሎ ዲላ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ዕድሜው አጭር ቢሆንም የተቀመጠበት ቦታ ለተመራማሪ ወርቅ ነው። በበሩ ቡና፣ በጓሮው እንሰት፣ ዙሪያውን ሶንጎ ተቀምጠው የሚዳኙ ሽማግሌዎች አሉ። ታደሰ ኪጴም በኋላ የሠሩት በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ነው።

በዚህ ግቢ የድህረ ምረቃ ተማሪን በእውነት የለወጠ አንድ ፕሮግራም ካለ ከኖርዌይ የመጣው ነው። ኖርሄድ በተባለው የኖርዌይ ፕሮግራም አማካይነት ሐዋሳ፣ ዲላ፣ ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎች ከበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር የኅብረተሰብ ጤና ትስስር መሠረቱ። የሴቶችን የድህረ ምረቃ ተሳትፎ ማሳደግ በስሙም በዓላማውም ተጽፎ ነበር። ሐዋሳና በርገን በጋራ የሚሰጡት ዶክትሬትም ተከፈተ። የዲላ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በዚህ ዕድል ገብተው የጥናት መስካቸውን ወናጎ አደረጉ። ነፍሰ ጡር እናቶች ሲታመሙ ለምን ጤና ጣቢያ አይሄዱም? ከተማሪዎቹ ውስጥ የደም ማነስ ያለበት ስንቱ ነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በዓለም አቀፍ መጽሔቶች ታተመ።

ይህ ፕሮግራም ከቀድሞዎቹ የተሻለበት ነጥብ አለ። ዲግሪው በከፊል እዚሁ ቀረ፤ መስኩ ወናጎ ሆነ፤ ተማሪዋም መምህርቷም የአካባቢው ሰው መሆን ቻለች። ስለዚህ የውጭ ገንዘብ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ውሉ እንዴት እንደተጻፈ ይወስነዋል። ሆኖም ዘርፉ ጤና ነው። ለጤና የተሰጠ ገንዘብ የእንሰት አጠውላጊ በሽታን አያጠናም። የመሬት መጣበብን፣ በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ መካከል በመቶ ሺዎች የተፈናቀሉበትን ግጭት ሥር፣ የባሌን ሥርዓትና የቃል ታሪክን አያጠናም። ለእነዚህ ጥያቄዎች የተዘጋጀ የለጋሽ ሳጥን የለም፤ ካለም ጥያቄው እርዳታ ጠያቂን መቁጠር ሆኖ ያርፋል።

*ዛሬ ተማሪው እንዴት ይማራል?*

በኢትዮጵያ የድህረ ምረቃ ተማሪ ዛሬ በጥቅሉ በሦስት መንገድ ይማራል። የመጀመሪያው የዩኒቨርሲቲ ወይም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ በስፖንሰር የሚማረው ነው፤ ደመወዙ ይቀጥላል፤ ተመልሶ ለማገልገል ውል ይፈርማል፤ ዋስ ይጠራል። ሁለተኛው በግሉ ከፍሎ የሚማረው ነው፤ ብዙውን ጊዜ በማታና በቅዳሜ እሑድ። ሦስተኛው የውጭ ስኮላርሺፕ ያገኘው ነው።

ለሦስቱም የሚከብደው የመመዝገቢያ ክፍያው ብቻ አይደለም። የመስክ ሥራው ይከብዳል። ከዲላ ተነስቶ ወደ ገደብ ወይም ወደ ኮቸሬ ቀበሌዎች ተደጋጋሚ ጉዞ ማድረግ፣ ለመረጃ ሰብሳቢ አበል መክፈል፣ የአፈር ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ማስላክ ደመወዝን ይጨርሳል። ስለዚህ ተማሪው ጥያቄውን ያሳንሰዋል። የሦስት ወረዳ ጥናት የአንድ ቀበሌ መጠይቅ ይሆናል፤ የሁለት ዝናብ ወቅት ክትትል የሁለት ሳምንት ጉብኝት ይሆናል። ከዚያ በኋላ «የመመረቂያ ጽሑፎቻችን መደርደሪያ ማሞቂያ ሆኑ» ብሎ ተማሪውን መውቀስ ቀላል ነው። ለመደርደሪያ የተመደበ በጀት ያለው አገር ለመደርደሪያ የሚሆን ጽሑፍ ያገኛል።

አገራዊው ሒሳብም ይህንኑ ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው የሳይንስ፣ ቴክኖሎጂና ኢኖቬሽን ፖሊሲ ከአገራዊ ምርት 1.5 በመቶውን ለዘርፉ ለመመደብ አስቦ ነበር። የዩኔስኮ አኃዝ እንደሚያሳየው የምርምር ወጪ በ2013 ከአገራዊ ምርት 0.6 በመቶ አካባቢ ነበር፤ በ2017 ወደ 0.27 በመቶ ወርዷል። ዩኒቨርሲቲዎች በቁጥር ሲበዙ፣ ፕሮግራሞች በየዓመቱ ሲከፈቱ፣ ለምርምር የሚወጣው ድርሻ ግን ቀነሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተጨምረዋል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ በዶላር የሚገዛው ሁሉ፣ የላቦራቶሪ ኬሚካልና የመጽሔት ማሳተሚያ ክፍያ ጭምር፣ በብር ከእጥፍ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የአሜሪካ ዓለም አቀፍ የልማት ድርጅት ተዘጋ፤ በእሱ ገንዘብ ይሠሩ የነበሩ የግብርናና የጤና ምርምሮችም አብረው ተቋረጡ። መስክ ላይ የነበረ ተማሪ ጥናቱን በግማሽ ሲያቆም ያጠናው ጉዳይ ግን አይቆምም። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዩኒቨርሲቲዎች በተልዕኮ ሲለዩ የምርምር ዩኒቨርሲቲ የተባሉት ስምንት ናቸው፤ ዲላ ከእነሱ አንዱ አይደለም። ልየታው የራሱ ምክንያት አለው፤ ሁሉም ሁሉን ማድረግ አይችልም። ግን የጌዴኦን እርሻ ለማጥናት ከዲላ የቀረበ ተቋም የለም፤ ዓለም ቅርስ ያለውን መሬት የሚጠብቀው ዩኒቨርሲቲ በራሱ ደጃፍ ላይ ያለውን ጥናት ለማካሄድ ከሌላ ቦታ በጀት መለመን የለበትም።

*ስሙን እንዳስመለስነው*

ይህ ሁሉ ሲባል መፍትሔው «መንግሥት በጀት ይጨምር» ብቻ ከሆነ ነገሩ እዚያው ይቀራል። ይርጋጨፌ ራሷ ሌላ ምሳሌ አላት።

እ.ኤ.አ. በ2005 ኢትዮጵያ ሲዳሞ፣ ሐረርና ይርጋጨፌ የሚሉትን ስሞች በአሜሪካ የንግድ ምልክት አድርጋ ለማስመዝገብ አመለከተች። የአሜሪካ የቡና ነጋዴዎች ማኅበር ተቃወመ። «የቦታ ስም የንግድ ምልክት አይሆንም» የሚል ክርክር ተነሳ። ይርጋጨፌ በ2006 ተመዘገበ፤ በ2007 ከስታርባክስ ጋር የነበረው አለመግባባት በስምምነት ተፈታ። ስሙ የኛ ነው፣ ዋጋውም ለኛ ይገባል ተባለ። በ1994 ዓ.ም. የተመሠረተው የይርጋጨፌ ቡና አብቃይ ገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየንም ቡናውን በቀጥታ ለውጭ ገዢ መሸጥ የቻለ ተቋም ነው።

ስሙን ለማስመለስ ያ ሁሉ ትግል ከተደረገ፣ ስለ ቡናው፣ ስለ መሬቱና ስለ ሕዝቡ የሚጻፈው እውቀትስ? በ2017 በጀት ዓመት ኢትዮጵያ ከቡና ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች። ከዚህ ውስጥ ከሺህ አንድ እጁ ብቻ ለምርምር ቢመደብ 2 ሚሊዮን ዶላር ይሆናል። በዚያ ገንዘብ በቡና አብቃይ አካባቢ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች ስንት የሁለተኛና የሦስተኛ ዲግሪ ተማሪ የመስክ ሥራውን በወጉ ሊሠራ እንደሚችል ማስላት ለአንባቢ አይከብድም።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በብራዚል፣ በቡና በበለጸገው የሳኦ ፓውሎ ግዛት፣ ፋፔስፕ የተባለ የምርምር ፈንድ ከ1962 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል። ከግዛቲቱ የታክስ ገቢ ግማሽ በመቶው፣ ከ1989 ወዲህ ደግሞ አንድ በመቶው፣ በሕገ መንግሥት ተረጋግጦ ይሰጠዋል። የትኛውም አስተዳዳሪ ሲመጣና ሲሄድ ገንዘቡ አይቋረጥም። ለአስተዳደር ወጪ ከ5 በመቶ በላይ እንዳያወጣም በሕግ ታስሯል፤ ቀሪው ወደ ተማሪና ወደ ተመራማሪ ይሄዳል።

*ሦስት ተቃውሞዎች*

የመጀመሪያው ተቃውሞ «ገበሬው ላይ ሌላ መዋጮ መጫን ነው» የሚል ነው፤ ትክክለኛ ስጋት ነው። የጌዴኦ ገበሬ ማሳ ጠባብ ነው፤ በ1952 ዓ.ም. በሚጪሌ ጌዴኦ የተነሳው በባለርስት ግፍ ምክንያት እንደነበር አይረሳም። ስለዚህ መዋጮው ከእሸት ቡና ሻጩ ሳይሆን ከላኪው ደረጃ፣ ከውጭ ምንዛሪው ላይ መነሳት አለበት፤ ምን እንደተሠራበትም በየዓመቱ በጌዴኡፋና በአማርኛ ለገበሬው መነገር አለበት። የሚከፈልለት ጥያቄ የገበሬው ጥያቄ ካልሆነ ስሙ ብቻ የተቀየረ ግብር ይሆናል።

ሁለተኛው «ፈንዱ የዘመድ ሲሳይ ይሆናል» የሚል ነው። ይህም ከባዶ የመጣ ስጋት አይደለም። መድኃኒቱ ፈንዱን አለማቋቋም ሳይሆን ማመልከቻን ስም ሸፍኖ ከሌላ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ገምጋሚዎች ማስመዘን፣ ያሸነፈውንም ያልተሳካለትንም ርዕስ ከነምክንያቱ ይፋ ማድረግ ነው። ቤተ መንግሥት የሚያውቀው ይሄድ ከነበረበት ዘመን ወዲህ ይህን ያህል ዓመት አልፎ መመዘኛው አሁንም መታወቅ ከሆነ ምንም አልተጓዝንም ማለት ነው።

ሦስተኛው «እያንዳንዱ አካባቢ በራሱ ገንዘብ ራሱን ብቻ ካጠና ዩኒቨርሲቲ የዞን ቢሮ ይሆናል» የሚል ነው። ከሁሉ የከበደውም ይኸኛው ነው። ገንዘቡ ከቡና ቢመጣም ዕድሉ ለአካባቢው ተወላጅ ብቻ መሆን የለበትም። ከጎንደር ወይም ከጅግጅጋ መጥቶ በወናጎ እንሰትን የሚያጠና ተማሪ ለጌዴኦም ለአገርም ትርፍ ነው። ማክሌላንን ከሚሺጋን የተቀበለች ምድር የአገሯን ልጅ ለመቀበል አትቸገርም። አካባቢው ሊጠይቅ የሚገባው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛ፣ ጥያቄዎቹን ሲመርጡ ገበሬውና ሽማግሌው የሚደመጡበት ወንበር ይኑር። ሁለተኛ፣ የተጠናቀቀው ጽሑፍ አንድ ቅጂ ከነመረጃው ዲላ ይቀመጥ።

የውጭ ስኮላርሺፕም ይቀጥል። በርገንም ዋገኒንገንም ለዚህ ምድር ብዙ ሠርተዋል፤ በር መዝጋት ድንቁርና ነው። ልዩነቱ በራሱ ገንዘብ የራሱን ጥያቄ የያዘ ተማሪ ወደ በርገን ሲሄድ አጋር ሆኖ መሄዱ ነው። ባዶ እጁን የሄደው ግን የተሰጠውን ይዞ ይመለሳል።

የዓለም ቅርስ ምዝገባ ግዴታ አለው። ዩኔስኮ የተመዘገበው ስፍራ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ በየጊዜው ሪፖርት ይጠይቃል። የጥላ ዛፉ እየሳሳ ነው ወይስ እየበዛ? ወጣቱ እንሰት መትከል ትቷል ወይስ አልተወም? ባሕር ዛፍ ስንት ማሳ ገባ? ጫትስ? እነዚህን መልሶች በየዓመቱ እየተከታተለ የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል፤ ያ ሰው ደግሞ በአብዛኛው አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ አንድ ማስታወሻ ደብተርና የመጓጓዣ ገንዘብ ነው። የመጀመሪያው ሪፖርት ሲጠየቅ መረጃውን ለማሰባሰብ እንደገና ከውጭ አማካሪ የሚቀጠር ከሆነ፣ በ2002 እ.ኤ.አ. የተጻፈው የጥያቄ ምልክት ገና መልስ ይጠብቃል ማለት ነው። ለአንድ ኪሎ የይርጋጨፌ ቡና ባሕር ማዶ የሚከፈለውን የሚያውቅ ሁሉ የዚያ ተማሪ የአውቶቡስ ዋጋ ከየት ሊመጣ እንደሚችልም ያውቃል።